ስለ ሰውነት ዘበኞችና ስለ ልጓማቸው

በሐይቅና በአምባሰል የምትኖሩ መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ፤

በሰው ደም ውስጥ በሽታን የሚዋጉ፥ ለዓይን የማይታዩ ዘበኞች አሉ። እነዚህም እርስ በርሳቸው የሚላላኩት ፕሮቲን በሚባሉ ረቂቅ ነገሮች ነው። ከፕሮቲኖቹ አንዳንዶቹ «ተነሥ፥ ተዋጋ» ብለው ያዛሉ፤ ሌሎቹ ግን «ይበቃል፥ ተመለስ» ይላሉ። ዘበኞቹ በተነሡበት ስፍራ ሥጋው ይቀላል፥ ያብጣል፥ ይተኩሳል፤ ይኸውም ብግነት ይባላል። ብግነት በልኩ ሲኾን ያድናል፤ ልጓም ሲያጣ ግን የሚጠብቀውን ቤት ያፈርሳል።

ለዚህ ነገር ምሳሌው ከእኛው ዘንድ ይገኛል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2015 የታተመ የምርመራ ጽሑፍ፥ የአንጀት ቢልሃርዝያ በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ መገኘቱን ገልጧል። የዚህ በሽታ ትል በውኃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ፥ በሚታጠበውና በሚዋኘው ልጅ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ሴቲቱ ትል ከምትጥለው እንቍላል ከፊሉ ከሰገራ ጋራ ይወጣል፤ ከፊሉ ግን በጉበት ይቀራል። ዘበኞቹም እንቍላሉን ከበው ይቈጣሉ። ኢንተርሉኪን 10 የሚባለው ፕሮቲን ቍጣቸውን ያበርዳል፤ ኢንተርሉኪን 13 የሚባለው ግን ጠባሳ ያበዛል። ጠባሳው ሲበዛ ጉበት ይደነድናል፥ ጣፊያ ያብጣል፥ ሆድም ውኃ ይቋጥራል። እንግዲህ ልጁን የሚጎዳው ትሉ ብቻ አይደለም፤ ልጓም ያጣው የዘበኞቹ ቍጣም ነው እንጂ።

ብግነት ብዙ ዘመን ሲቈይ ነቀርሳን ሊያመጣ ይችላል፤ ሁልጊዜ የሚቈስልና የሚታደስ ሥጋ በመታደሱ ላይ ስሕተት ያገኘዋልና። በአዋሽ ቆላ የሚገኘው ሌላው የቢልሃርዝያ ዓይነት በሽንት ፊኛ ላይ ነቀርሳ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ነቀርሳም ከተነሣ በኋላ «ይበቃል» የሚለውን ምልክት ሰርቆ ዘበኞቹን ያታልላል። ይህን ልጓም በመፍታት ነቀርሳን የሚያዋጋውን መንገድ ያገኙት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ለእኛ ግን ከኹሉ የሚቀድመው ብግነቱ ሳይጀምር መከልከል ነው። ሰገራ ከውኃ ዳር ይራቅ። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን ለተማሪዎች ሲታደል ማንም ልጅ አይቅር። በሰገራው ደም ያየ ልጅ ሳያፍር ለመምህሩ ይንገር፤ መምህሩም ወደ ጤና ጣቢያ ይላከው። በ1964 አክሊሉ ለማ በአድዋ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አገኙ፤ ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና ማንም ሰው ያለ ባለሙያ ምክር በሐይቁ ውስጥ አይጨምር።