ለከተማ ሱቅና እንግዳ ስለሚያመጣው ነገር፤ የባሕር ዳርና የጎርጎራ ምሳሌ

የመርጡለ ማርያም ሰው ወደ ባሕር ዳር ወርዶ፥ በጣና ዳር የተሠራውን ሆቴል፥ የተደረደረውን ሱቅና ሰው የሚናፈስበትን የዛፍ ጥላ ባየ ጊዜ፥ «ይህን ሁሉ ያመጣላቸው ባሕሩ ነው፤ ደገኛ ከየት ያመጣዋል» ብሎ ቢመለስ አይፈረድበትም። ነገር ግን ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን በዚያው በጣና ዳር ያለች ሌላ ከተማ ታስረዳለች፤ እርስዋም ጎርጎራ ናት።

ጣና ስፋቱ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሐይቅ ነው። ባሕር ዳር በደቡብ ዳርቻው፥ ጎርጎራ በሰሜን ዳርቻው ይገኛሉ። በክብርስ ቢሆን ጎርጎራ የምታንስ አልነበረችም፤ ዐፄ ሱስንዮስ በአውሮጳ አቆጣጠር በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚያ ተቀምጠውባታል፤ ጣሊያንም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በያዘበት ዘመን በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ አስገብቶ ጎርጎራን ወደብ አድርጓት ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት ጎርጎራ ትንሽ ከተማ ሆና ስትቀር፥ በባሕር ዳር ግን በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ150 ሺህ የሚበልጥ ነዋሪ ተገኘ።

የዚህ ልዩነት መነሻው መንገድ ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣው በባሕር ዳር ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ጎንደር የሚሄደውም አውራ ጎዳና ዓባይን ሁለተኛ ጊዜ የሚሻገረው እዚያው ከሐይቁ መውጫ አጠገብ ነው። ስለዚህ በዚህ ጎዳና የሚሄድ ነጋዴ ቢወድም ባይወድም በባሕር ዳር ያልፋል፤ ከመሸበትም ያድራል። ጎርጎራ ግን የመንገድ መጨረሻ ናት። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው ጎዳና በሐይቁ ምሥራቅ በኩል በአዲስ ዘመንና በወረታ አልፎ ስለሚሄድ፥ ጎርጎራን ብሎ ያልተነሣ ሰው አይደርስባትም።

ሆኖም መንገድ ብቻውን ሱቅ አይሠራም፤ ይህንንም መረዳት ያስፈልጋል። በገበያ ቀን የሚመጣ ነጋዴ ዕቃውን በምድር ላይ ዘርግቶ ይሸጣል፤ ሲመሽም ጠቅልሎ ይሄዳል። ቤት ተከራይቶ፥ መደርደሪያ ሠርቶ፥ ዕቃ አከማችቶ የሚቀመጠው ግን ማክሰኞም ዓርብም የሚገዛው ሰው መኖሩን ሲያውቅ ነው። ገበሬ እህሉን ሸጦ ገንዘብ የሚያገኘው በየወቅቱ ስለሆነ፥ ዕለት ዕለት የሚገዛው ከሁሉ ይልቅ ደመወዝተኛና ተማሪ፥ እንዲሁም አዳሪ መንገደኛ ነው። ባሕር ዳርም እነዚህን ያገኘችው አንድ በአንድ ነው። በ1953 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆመ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት መንግሥት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. ከጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ወጣ። ኋላም ከተማዪቱ የአማራ ክልል መቀመጫ ስትሆን ባለጉዳዩ በዛ። ሸማኔው፥ ተማሪው፥ ጸሓፊው ሁሉ እንጀራና ሳሙና ይፈልጋል፤ ጫማውም ያልቃል። እንግዲህ አገር ለማየት የሚመጣው እንግዳ፥ ያደረበትን አልጋና የበላበትን ምግብ ቤት አስቀድሞ ያቆመለት ይህ የዘወትር ገዢ ነው። አንዳንድ ሰው ግን ነገሩን ገልብጦ፥ ሆቴል ከተሠራ ሌላው ሁሉ ተከትሎ የሚመጣ ይመስለዋል።

እንግዳ የሚፈልገውን ነገር ማጥፋትም ቀላል ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ገደል ሲወርድ ጢሱ ከሩቅ ይታይ ስለ ነበረ፥ ብዙ የውጭ አገር ሰው ይመጣበት ነበር። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ የወሰደው ውሃ ጥቂት ነበር፤ በ1993 ዓ.ም. ግን ሁለተኛው ማመንጫ ሥራ ሲጀምር የሚወሰደው ውሃ በዛ፤ በበጋም ፏፏቴው ሳሳ። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የበለስ ማመንጫ ደግሞ ውሃውን ከራሱ ከጣና ይወስዳል። ኤሌክትሪኩ ለአገር የሚያስፈልግ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በፏፏቴው አጠገብ ለእንግዳ መንገድ እየመራ፥ ለስላሳ መጠጥና የእጅ ሥራ እየሸጠ ይኖር ለነበረው መንደርተኛ፥ መብራቱ የጠፋውን ገዢ አይመልስለትም።

ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ጉዳይ አለ። በጣና ዳር ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩት፥ ዓሣም የሚያጠምዱት የነገደ ወይጦ ሰዎች ከሆቴሎቹ አስቀድሞ በዳርቻው የኖሩ ናቸው። ከተማው እየሰፋ፥ ዳርቻውም በዋጋ እየከበደ ሲሄድ፥ ደንገሉ ተመናመነ፥ እነርሱም ከውሃው ራቁ። እንግዳው ግን የታንኳውን ምስል ሊያነሣ ከሩቅ ይመጣል። ታንኳውን የሚሠራውን ሰው ከዳርቻው አርቆ ታንኳውን ለጌጥ ማስቀረት፥ ጥጃውን ገድሎ ከላሚቱ ወተት እንደ መጠበቅ ያለ ነው።

ጎርጎራም በመጨረሻ ዕድል አገኘች፤ በመንግሥት የተሠራው ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ በ2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭት ተነሥቶ ስለ ነበረ ጊዜው ለመንገደኛ የሚመች አልነበረም። አልጋ ተነጥፎ መንገዱ ካስፈራ የሚተኛበት የለም።

ወደ መርጡለ ማርያም ስንመለስ፥ ከተማዪቱ ሐይቅ የላትም፤ ሰው ከሩቅ መጥቶ ሊያየው የሚገባ ነገር ግን አላት። እቴጌ እሌኒ በአውሮጳ አቆጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን የተቀረጸ ድንጋይ ፍራሹ ዛሬም ይታያል። ለበዓል የሚመጣው ምእመን በየዓመቱ ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ ነው። ቢሆንም ስንት ሰው እንደሚመጣ፥ የት እንደሚያድር፥ ምን ፈልጎ እንዳጣ የጻፈ ከሌለ፥ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ነጋዴ በግምት ብቻ ገንዘቡን አያወጣም። ይህንንም ለማወቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አስተማሪው ከፍ ያሉትን ተማሪዎች በገበያ ቀን፥ በሥራ ቀንና በበዓል ቀን በመግቢያው መንገድ ላይ አቁሞ፥ የሚገባውን መንገደኛ በደብተር ያስቆጥራል፤ ሽማግሌዎችም የሚያሳድሩትን እንግዳ ከየት እንደ መጣና ምን እንደ ጠየቀ ለተማሪዎቹ ይነግሯቸዋል። ዓመት ሲሞላ ደብተሩ ከተማ ውስጥ ሱቅ ለሚከፍተው ሰውም፥ ለወረዳው ሹምም ይታያል፤ ንጹሕ ውሃ ይሁን፥ አልጋ ይሁን፥ ወይም የመጸዳጃ ቤት፥ አስቀድሞ የጎደለው የቱ እንደ ሆነ ከዚያ ይነበባል።