ስፖርትን መውደድና መዝለቅ፦ የሥነ ልቦናው ዳሰሳ

የአካል እንቅስቃሴ ሥነ ልቦና ሰዎች ስፖርት ለምን እንደሚጀምሩ፣ ለምን እንደሚተዉና ምን ቢደረግ እንደሚዘልቁበት ያጠናል። የስፖርት ሥነ ልቦና ሲጀመር ትኩረቱ ተወዳዳሪዎች ላይ ነበር፤ ኮልማን ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1925 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የከፈተው የአትሌቶችን ብቃት ለመመርመር ነው። ለጤናው ብሎ የሚንቀሳቀሰው ተራ ሰው ተመራማሪዎችን የሳበው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነበር። ያኔ ጎልቶ የወጣው ችግር ከመጀመር ይልቅ መቀጠል ሆነ፤ በተደራጀ ፕሮግራም ከሚጀምሩት ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ያቆማሉ።

ይህን በስንፍና ማሳበብ የተለመደ ነው፤ ጥናቱ ግን አይደግፈውም። አልበርት ባንዱራ በ1977 እንዳመለከተው፣ ሰው እንቅፋት ሲገጥመው የሚጸናው «እችላለሁ» ብሎ ባመነበት ነገር ላይ ነው። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ደግሞ ሰው ሦስት ነገር እንደሚሻ ያስረዳሉ፦ በራሱ ፈቃድ መሥራት፣ እየተሻሻለ መምጣቱን ማየት፣ ከሌሎች ጋር መተሳሰር። ሐኪም ስለተቆጣው ብቻ የሚሮጥ ሰው ይጀምር ይሆናል፤ ለዓመታት የሚዘልቀው ግን በአብዛኛው ሩጫውን ራሱን የወደደው ነው። በመስቀል አደባባይ ማለዳ ማለዳ በቡድን የሚሠሩት አዲስ አበቤዎች የመተሳሰርን ጉልበት በተግባር ያሳያሉ።

ከዘርፉ ግኝቶች ሁሉ ለተራው ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ስለ ስሜት የተደረሰበት ነው። ፓንተሌሞን ኤኬካኪስ እንዳሳየው፣ ትንፋሽ ሳይቆራረጥ የሚሠራ እንቅስቃሴ አብዛኛውን ሰው ደስ ያሰኛል፤ ትንፋሽ አጥሮ መነጋገር ከሚያስቸግርበት ደረጃ ሲያልፍ ግን የሁሉም ሰው ስሜት ማለት ይቻላል ይወርዳል። ስሜቱ ሲወርድ የመመለስ ፍላጎትም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ጀማሪን በመጀመሪያው ሳምንት እስኪዝል የሚያሠራ አሠልጣኝ፣ ሰውየውን ከስፖርት እያራቀው ነው። ፍጥነቱን ራሱ ሠሪው ቢመርጥ ይሻላል።

አጨራረሱም ይታሰብበታል። በ2016 በወጣ ጥናት፣ 15 ደቂቃ ብስክሌት ከነዱት መካከል ከብዶ ጀምሮ እየቀለለ የሄደላቸው፣ እየከበደ ከሄደባቸው ይልቅ እንቅስቃሴውን በደስታ አስታውሰውታል። የመነሻው ምቾት ማጣት ደግሞ ያሳስታል፤ በ2011 የወጣ የካናዳ ጥናት ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ድካም አጋንነው ስለሚያስቡ፣ ከስፖርቱ የሚያገኙትን ደስታ አስቀድመው አሳንሰው እንደሚገምቱ አረጋግጧል። ሙዚቃም ያግዛል፤ በመካከለኛ እንቅስቃሴ ድካሙን ያቀላል፣ እንቅስቃሴው ሲከብድ ግን ይህ ውጤቱ ይደክማል።

ፍላጎቱ ያለው ሰው ወደ ተግባር የሚሻገረው ቦታና ሰዓት ሲቆርጥ ነው። በ2002 በእንግሊዝ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የት፣ መቼና በየትኛው ቀን እንደሚሠሩ ከጻፉት 91 በመቶው በሳምንቱ ውስጥ ሠርተዋል፤ የስፖርትን ጥቅም ብቻ ካነበቡት የሠሩት 35 በመቶ ናቸው። ልማድ ለመሆን ግን ጊዜ ይወስዳል። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ2010 ባወጡት ጥናት፣ አንድ አዲስ ድርጊት ልማድ እስኪሆን ድረስ የወሰደው ጊዜ ከ18 እስከ 254 ቀናት ተለያይቷል።

ሰዎችን በስፖርት ለማዝለቅ የሚረዱ ዘዴዎችን ያነጻጸረ ሰፊ ሙከራ በ2021 ታትሟል፤ ኬቲ ሚልክማንና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ከ61 ሺህ በላይ የጂም አባላት ላይ እያንዳንዳቸው አራት ሳምንት የቆዩ 54 ዘዴዎችን ፈትነዋል። ከሁሉ የበለጠው ዘዴ አንድ ቀን ቀርቶ ለተመለሰ ሰው ጥቂት ሳንቲሞች የሚያወጣ ጉርሻ መስጠት ነበር። አራቱ ሳምንታት ካለቁ በኋላም ለውጡ የቀጠለው ከዘዴዎቹ በ8 በመቶዎቹ ብቻ ነው።