ከመንደር ብስክሌት መጠገኛ የወጣው የአውሮፕላን ሞተር

በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት የምትገኘው ሃሞንድስፖርት በወይን እርሻ የምትታወቅ ትንሽ መንደር ናት። በዚህች መንደር ብስክሌት ይጠግን የነበረው ግሌን ከርቲስ ትምህርቱን ያቆመው ከ8ኛ ክፍል ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 ሞተር ብስክሌት መሥራት ሲጀምር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ያበጀው ከቲማቲም ቆርቆሮ እንደነበር ይነገራል።

በዚያን ዘመን በራሪዎችን ያስቸገረው የሞተር ክብደት ነበር። የሞተር ብስክሌት ሞተር ግን ቀላል ሆኖ ጉልበት አለው፤ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝም ውሃና ራዲያተር አይሸከምም። ስለሆነም ቶማስ ባልድዊን በ1904 ባለ2 ሲሊንደር የከርቲስ ሞተር በጋዝ በሚንሳፈፍ የአየር መርከቡ ላይ ገጥሞ በካሊፎርኒያ ለበረራ አበቃው። ከርቲስ ራሱ በ1907 ባለ8 ሲሊንደር ሞተር በተገጠመለት ሞተር ብስክሌት በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ። በሐምሌ 1908 ደግሞ «ጁን በግ» የተባለውን ባለ8 ሲሊንደር አውሮፕላን በመንደሩ አጠገብ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ አብርሮ ለዋንጫ ሽልማት በቃ።

ከቆርቆሮ የተጀመረው ሥራ ለዚህ የደረሰው ባለሙያው ብልህ ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ መሥሪያና ገዢም ስላገኘ ነው። በየገጠሩ ወፍጮና የውሃ ፓምፕ የሚጠግኑ ሠራተኞችም «ባለእጅ» ተብለው ከመናቅ ይልቅ መሣሪያና ገበያ ቢመቻችላቸው፣ ተጠቃሚው በቅድሚያ ገበሬው ነው።