ተራራና ደመና፦ በከፍታ ላይ ደመና የሚፈጠርበት ሁኔታ

ደመና በተራራ ራስ ላይ ስለ ምን እንደሚያርፍ የተጠየቀ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ይሰጣል። አንደኛው፣ ተራራው በነፋስ ተነድቶ የመጣውን ደመና እንደ አጥር ያግደዋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የተራራው ጫፍ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ የነካውን አየር ሁሉ አቀዝቅዞ ደመና ያደርገዋል የሚል ነው። ሁለቱም ለዓይን እውነት ስለሚመስሉ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ሳይታረሙ የሚያልፉበት ጊዜ አለ። ዳሩ ግን ደመናው በአብዛኛው እዚያው ተራራው ላይ ይፈጠራል እንጂ ከሌላ ቦታ ተጉዞ አይመጣም። አየሩም በዋነኛነት የሚቀዘቅዘው ወደ ላይ በመውጣቱ ነው፤ ዐለቱን መንካቱ ያን ያህል አያቀዘቅዘውም። ይህን ልዩነት መምህሩ ብቻ ሳይሆን የውሃና የደን ዕቅድ የሚያወጣው ባለሙያም ሊያጤነው ይገባል።

ነገሩን ለማስረዳት ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና ከሚወጣው መንገድ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። ከዚያ ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበር የደረሰ መንገደኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። በተለይ በበልግ ወራት ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ እርጥበት ይዞ የሚነፍሰው አየር ይህን ገደላማ ጠርዝ ሲያገኝ፣ ፊት ለፊት የሚያልፍበት በር ስለሌለው ሽቅብ ለመውጣት ይገደዳል።

አየር ሽቅብ ሲወጣ ከበላዩ የሚጫነው አየር እየሳሳ ይሄዳል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ባለው ከፍታ ውስጥ ብቻ የአየር ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ግፊቱ የላላለት አየር ይስፋፋል፤ ለመስፋፋትም በዙሪያው ያለውን አየር መግፋት አለበት፤ ለዚህ ሥራ የሚያወጣውን ጉልበት የሚያገኘው ከራሱ ሙቀት ነው። ስለዚህ ከውጭ ምንም ነገር ሳያቀዘቅዘው በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። በአንጻሩ የጤዛ ነጥብ፣ ማለትም በአየሩ ውስጥ ያለው ተን ወደ ውሃ መለወጥ የሚጀምርበት የሙቀት ልክ፣ በየ100 ሜትሩ ዝቅ የሚለው በ0.2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። በዚህም መሠረት በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በየ100 ሜትሩ በ0.8 ዲግሪ ይጠባል።

ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማስላት ይቻላል። በሸዋ ሮቢት የአየሩ ሙቀት 28 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቡ 16 ዲግሪ ነው እንበል። ልዩነቱ 12 ዲግሪ ነው፤ 12 ለ0.8 ሲካፈል 15 ይሆናል። ይህም 15 ጊዜ 100 ሜትር፣ ማለትም 1,500 ሜትር ማለት ነው። በ1,300 ላይ ሲደመር የደመናው ግርጌ በ2,800 ሜትር ላይ ይገኛል። ከዚያ በላይ ተኑ በአየር ላይ በሚንሳፈፉ ደቃቅ የአቧራ፣ የጢስና የጨው ብናኞች ላይ እየተለጠፈ ነጠብጣብ ይሆናል። ተን ወደ ውሃ ሲለወጥ በስውር ይዞት የነበረውን ሙቀት ስለሚለቅ፣ ከደመናው ግርጌ በላይ አየሩ የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል።

ይህ ለሸዋ ሮቢት ነዋሪ ከሩቅ የሚታይ ደመና ነው፤ ጣርማበር ላይ በቀን መብራት አብርቶ ለሚያዘግም ሾፌር ደግሞ ጉም ነው። ነገሩ አንድ ሲሆን ስሙን የሚለውጠው የተመልካቹ ቦታ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን የሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ ጉሙ ሲሳሳና ሰማዩ ሲገለጥ ይመለከታል። አየሩ ዝቅ ሲል ተጨምቆ ስለሚሞቅ ነጠብጣቡ ተመልሶ ይተንናል።

ተማሪዎችን ይበልጥ የሚያስቸግራቸው ነፋስ እየነፈሰ ደመናው የሚቆምበት ምክንያት ነው። በደቡብ አፍሪካ ከኬፕ ታውን ከተማ ራስጌ ያለው፣ 1,085 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጠፍጣፋ ተራራ በበጋ ወራት ከደቡብ ምሥራቅ በሚመጣ ብርቱ ነፋስ ጊዜ እንደ ገበታ ልብስ ያለ ነጭ ደመና ይለብሳል። ደመናው ለሰዓታት ከስፍራው የማይነቃነቅ ይመስላል። በእርግጥ ግን በአንድ ወገን ያለማቋረጥ ይሠራል፣ በሌላው ወገን ያለማቋረጥ ይፈርሳል፤ የሚቆመው ቅርጹ ሲሆን ውሃው በውስጡ ያልፋል። ፏፏቴን ያየ ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አየር በመስፋፋት ብቻ እንደሚቀዘቅዝ ለማሳየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ለብ ያለ ውሃ ይጨመራል። ክብሪት ተለኩሶ ይጠፋና ጢሱ ወደ ጠርሙሱ እንዲገባ ይደረጋል፤ ከዚያም ክዳኑ ይጠበቃል። ጠርሙሱ በሁለት እጅ በኃይል ተጨምቆ በድንገት ሲለቀቅ ውስጡ ይጨጉጋል፤ እንደገና ሲጨመቅ ይጠራል። ጥቁር ወረቀት ከበስተኋላው ቢደረግ ይበልጥ ይታያል። ሙከራው ያለ ጢሱም እንዲደገም እንመክራለን፤ ጉሙ በጣም ደካማ ሲሆን ወይም ጨርሶ ሲጠፋ ተማሪው የብናኙን ድርሻ ራሱ ይደርስበታል።

ነፋስ በሌለበት ቀንም ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቅ አየር ሽቅብ ስለሚሳብ፣ በጠዋት ጥርት ያለው ተራራ ከቀትር በኋላ ደመና ይደፋል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ዝናብም ይጨምራል ብሎ መደምደም አይገባም። 5,895 ሜትር በሆነው በኪሊማንጃሮ ደቡባዊ ተዳፋት ብዙው ዝናብ የሚወርደው 2,000 ሜትርን አለፍ ብሎ ባለው የደን ቀበቶ ሲሆን፣ ጫፉ የሚያገኘው የዚህን ጥቂት እጅ ብቻ ነው። አየሩ እዚያ ከመድረሱ በፊት እርጥበቱን አራግፏል። እንግዲህ በአንድ ተራራ አንድ ወገን የተተከለ አንድ የዝናብ መለኪያ ስለ ሌላው ወገን ወይም ስለ ጫፉ ይመሰክራል ማለት ያሳስታል።

መለኪያው ጨርሶ የማይቆጥረው ውሃም አለ። በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ተዳፋት ላይ እንደሚገኘው የሐረና ደን ባሉ ጉም በሚያዘወትራቸው ደኖች፣ የዛፎቹ ቅጠልና በቅርንጫፎቻቸው እንደ ጺም የተንጠለጠለው ዕፅ የሚያልፈውን ነጠብጣብ ይይዛሉ፤ ውሃውም ተጠራቅሞ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ሰው ከንቱ ድካምን ጉም መዝገን ይለዋል፤ ዛፍ ግን በእርግጥ ይዘግነዋል። ደኑ ቢመነጠር በሜዳ ላይ ያለው መለኪያ የዝናቡን መጠን እንደ ወትሮው እየመዘገበ፣ ከተዳፋቱ ሥር ያለው ምንጭ በደረቁ ወራት ሊጎድል ይችላል። ጉም በሚበዛበት አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት ይህን በሁለት እኩል አፍ ባላቸው ጣሳዎች ሊፈትን ይችላል፤ አንዱን በገላጣ ሜዳ፣ ሌላውን ጥቅጥቅ ካለ ዛፍ ሥር አስቀምጦ፣ ዝናብ ሳይኖር ጉም ብቻ ባደረበት ዕለት ጠዋት በሁለቱ የተገኘውን ውሃ እየለኩ መመዝገብ ነው።