የሂስቶን ኬሚካዊ ለውጦችና የማስ ስፔክትሮሜትሪ ምርመራ

ሂስቶኖች ዲ.ኤን.ኤ. የሚጠመጠምባቸው ፕሮቲኖች ናቸው። በሂስቶን ኤች3 27ኛው ላይሲን ላይ አሴቲል ሲጨመር በአካባቢው ያሉት ጂኖች በሥራ ላይ መሆናቸውን ያመለክታል፤ ሦስት ሜቲሎች ሲጨመሩ ግን ጂኖቹ ይታፈናሉ። አሴቲል 42.011፣ ሦስቱ ሜቲሎች 42.047 ዳልተን ክብደት ስለሚጨምሩ፣ ተቃራኒ ትርጉም ያላቸውን ሁለቱን ምልክቶች በክብደት የሚለያቸው 0.036 ዳልተን ብቻ ነው።

በማስ ስፔክትሮሜትሪ ፕሮቲኑ ይቆራረጥና ቁርጥራጮቹ የኤሌክትሪክ ሙል ተሰጥቷቸው ክብደታቸው ከሙላቸው አንጻር ይለካል። ይህን ጠባብ ልዩነት ለማየት ከፍተኛ የመለየት ኃይል ያለው መሣሪያ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በሕፃናት የአንጎል ግንድ ካንሰር ውስጥ ይኸው ላይሲን በሜቲዮኒን ተተክቶ መገኘቱ ተገለጸ። በእነዚህ ዕጢዎች ባለሦስት ሜቲሉ ምልክት በእጅጉ ይመናመናል። ስለሆነም አሴቲሉን እንደ ሦስት ሜቲል መቁጠር፣ በሽታው ያመናመነውን ምልክት እንዳልተነካ አድርጎ ማንበብ ይሆናል።