ግሮግ ማለት ገል ኖሯል!

ይህችን አጭር ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ የቤት ሥራ ነው። አሜሪካዊው የአርኪኦሎጂ ተመራማሪ ጆን አርተር ስለ ጋሞ ሸክላ የጻፉትን (መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል) ከሌሎች የሸክላ ጽሑፎች ጋር አሳጥሬ በአማርኛ ላቀርብ ነበር። ታዲያ ቃላቱ አላራምድ አሉኝ። "ቴምፐር" መዝገበ ቃላት ውስጥ "ቁጣ" ይላል። "ስሊፕ" መንሸራተት ነው። "ግሮግ" ደግሞ በውኃ የተበረዘ አልኮል ሆኖ አረፈው! ሸክላ ውስጥ አልኮል ምን ይሠራል?

መጽሐፍ ማገላበጡን ትቼ ሲቀላ ገበያ ሄድኩ። እንስራና ድስት ደርድረው ከሚሸጡት እናቶች አንዷን "እማማ፣ ጭቃው ውስጥ የሚገባ ሌላ ነገር አለ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ገል ነዋ! ተወቅጦ፣ ተነፍቶ። ባዶውን ጭቃማ ይሰነጠቃል" አሉኝ።

ለካ ግሮግ ያ ከጎረቤት እሳት የምንጭርበት ገል ኖሯል፣ ደቅቆ! ቴምፐር የጥቅሉ ስም ነው፤ አሸዋም ይሁን ገል፣ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ የሚደባለቀው ሁሉ። ጭቃ ውኃው ሲወጣ ይኮማተራል፤ ገል ግን አንዴ እሳት ስላየ አይኮማተርም። እንፋሎቱም መውጫ ያገኛል፤ አለበለዚያ ዕቃው ሲተኮስ ይፈነዳል። ስሊፕም ቀጥኖ የተበጠበጠ፣ ከመተኮሱ በፊት የሚቀባ ጭቃ ነው።

የተገላቢጦሹም እኮ ያስቸግራል። "ማሟሸት"ን በእንግሊዝኛ ምን እንበለው? አዲስ ምጣድ እየጋለ በጎመን ዘር ሲታሽ ቅባቱ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ እንጀራውም አይያዝም። ፈረንጆቹ ለዚህ "ሲዝኒንግ" ይላሉ፤ እሱም ቅመም ማለት ነው።

በጣም የወደድኩት "አትሪሽን" የሚለውን ነው፤ የዕቃው ገጽ ተልጦ ማለቅ። አርተር በጋሞ ቤቶች ጠላ የሚጠነሰስባቸው ማሰሮዎች ውስጣቸው ተልጦ አገኙ። ጠላው ሲፈላ የሚፈጥረው አሲድ ነው የሚበላቸው። ጠላ ደግሞ ብዙ እህል ይፈጃል፤ ስለዚህ ውስጡ የተላጠ ማሰሮ የሀብታም ቤት ምልክት ሆነ። የጥንት ገል ቆፍሮ ለሚያወጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የከበደኝ ቃል ግን እንግሊዝኛ አልነበረም። "ማና" የሚለውን "ሸክላ ሠሪ" ብዬ አለፍኩት። ክፍል ውስጥ ሳነብ ከጨንቻ የመጣ ጓደኛዬ አቋረጠኝ፦ "ማና ሥራ አይደለም፣ ትውልድ ነው።" በጋሞ ልማድ ማላ ገበሬው ነው፤ ደጋላ ቆዳ ፋቂውና አንጥረኛው፤ ማና ደግሞ ሸክላ ሠሪው ወገን። ከማና የተወለደች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ጭቃ ባትነካም ማና ናት፤ ከማላ ጋር መጋባትም በልማዱ አይፈቀድም ነበር። ያቺን ገበያ ያገኘኋትን እናት በዚህ ስም ጠርቻቸው ቢሆንስ? ጓደኛዬ "በሰው ፊት ስድብ ነው" አለኝ።

ስለዚህ ሥራውን ስጠቅስ "ሸክላ ሠሪ"፣ ወገኑን ስጠቅስ ብቻ "ማና" ብዬ ከነማብራሪያው ጻፍኩ። መምህሬ "አንዱን ቃል ለሁለት ከፈልከው" ብለው ሁለት ነጥብ ቀነሱብኝ። እኔም እንደዚያው ተውኩት።