ከእንጅባራ ቀይ አሽ እስከ ፖምፔይ ግድግዳ

በእንጅባራ አካባቢ ጎናቸው ተቆርሶ ውስጣቸው የሚታይ ቀያይ ኮረብታዎች አሉ። ለመንገድና ለግንባታ ቀይ አሽ የሚወጣባቸው ናቸው። ከዚያ አንዲት ጠጠር አንስታችሁ ብታዩ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥታለች፤ ለመጠኗም ቀላል ናት። ዓይኖቹ ቅልጥ ድንጋይ ከምድር ሲፈናጠር ውስጡ ታምቆ የነበረው ጋዝ ያመለጠባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። ቅላቱ ደግሞ ድንጋዩ ገና ትኩስ ሳለ በውስጡ ያለው ብረት ከአየር ጋር ተገናኝቶ የዛገው ዝገት ነው። በአዋሳኙ ያለው የዘንገና ሐይቅም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ማግማ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ የተነሣው ፍንዳታ የቆፈረው ጎድጓዳ ላይ ውኃ ተኝቶበት ነው።

የዚህ ድንጋይ ዘመዶች ጣሊያን ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ሠርተዋል። የሮማውያንን ግንብ አቁመዋል፤ የሮማውያንን ከተማ ቀብረዋል።

የተቀበረችው ፖምፔይ ናት። ቬሱቪየስ በ79 ዓ.ም. (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲፈነዳ መጀመሪያ የወረደው እሳት አልነበረም፤ ቀላል፣ ዓይናም ጠጠር ነበር። ለሰዓታት ሲዘንብ ውሎ አድሮ ከሰው ቁመት በላይ ተከመረ፣ ጣሪያዎችም ክብደቱን መሸከም አቅቷቸው ተደረመሱ። የቀሩትን ሰዎች የፈጀው ከዚያ በኋላ ተራራውን ታኮ የወረደው የጋዝና የአመድ ጎርፍ ነው። አመዱ በሬሳዎቹ ዙሪያ ጠጠረ፤ ሥጋው በስብሶ ሲያልቅ የሰውየው ቅርጽ ያለው ባዶ ጉድጓድ ቀረ። ጁሴፔ ፊዮሬሊ የተባለ የቁፋሮ ኃላፊ በ1863 በእነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ ጄሶ እያፈሰሰ የሞቱትን ሰዎች ቅርጽ አወጣ።

ፖምፔይ በእግር የምትታይ ከተማ ናት፤ በሌላ መንገድም አትታይም። ስፋቷ 66 ሄክታር ገደማ ነው፤ በአንድ ቀን አልጨርሳትም ብሎ መጀመር ይሻላል። ብዙ ጎብኚ ቀና ብሎ ሥዕልና ዓምድ ሲያይ ይውላል። እኔ ግን መጀመሪያ መሬቱን እዩ እላለሁ። መንገዱ የተነጠፈው ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከኛ ከተሞች ኮብልስቶን ጋር ያለው ዝምድና ወዲያው ይታወቃል፣ ልዩነቱ የእነሱ ድንጋይ ሰፋፊ መሆኑ ነው። በላዩ ላይ የጋሪ ጎማ እየፈጨ ያወጣው ቦይ አለ። በየመገናኛው ደግሞ ከመንገዱ ከፍ ብለው የተተከሉ ትላልቅ ድንጋዮች ይታያሉ። እግረኛ እግሩን ሳያርስ የሚሻገርባቸው ናቸው፤ በመካከላቸው የተተወው ክፍተት ለጋሪ ጎማ ነው። ለምን አስፈለጉ ቢባል፣ በአብዛኛው የከተማዋ ክፍል ከመሬት በታች የፍሳሽ መስመር ስላልነበረ ዝናቡም፣ ከቦኖው የሚተርፈው ውኃም፣ የየቤቱ እጣቢም የሚወርደው በመንገዱ ላይ ነበር። በክረምት የእንጅባራን መንገድ የተሻገረ ሰው የድንጋዮቹ ጥቅም አይጠፋውም።

ከመሬቱ ቀጥሎ የሚታየው ማያያዣው ነው። የተፈረፈረ ግድግዳ ሲገኝ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት ግራጫ ልስን ይታያል። ነጩ ነገር ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣውና ውኃ ሲነካው የሚፈላ ነጭ ነገር ይሆናል። በአሸዋ ብቻ ተቦክቶ ግድግዳ ላይ ሲውል ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መልሶ እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠጥራል። ሮማውያን ግን ከኔፕልስ አጠገብ ካለችው ፖትዙዎሊ የሚወጣውን የእሳተ ገሞራ አመድ ጨመሩበት። ይህ አመድ በድንገት ስለቀዘቀዘ ከፊሉ እንደ ብርጭቆ ነው፤ በውስጡ ያለው ሲሊካ ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ውኃ የማይፈታው ማያያዣ ይፈጥራል። ውኃ ውስጥ እንኳ ይጠጥራል፤ ወደቦቻቸውን የሠሩት በዚህ ነው። ሮም ውስጥ ያለው የፓንቴዮን ጉልላት ስፋቱ 43 ሜትር ያህል ነው፤ አንድም ፌሮ የለበትም። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ቀለል ያለ ድንጋይ እየገባበት ተሠርቶ፣ ጫፉ ላይ የዋለው ያው ዓይናሙ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።

የኛ አገር ግንበኛ ይህን ዕውቀት በስሙ ባያውቀውም በየቀኑ ይጠቀምበታል። ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ፋብሪካ ላይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ድንጋይ አብሮ የተፈጨበት ነው።

ታዲያ እንጅባራ የምትገኝበት አዊ የሮማ ዓይነት ድንጋይ ከሞላው ለምን የሮማ ዓይነት ፍርስራሽ የለውም? ሰው ያልኖረበት ምድር ስለሆነ አይደለም፤ ነዋሪው አገው የጥንት ሕዝብ ነው፤ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያስፈለፈለው የዛግዌ ሥርወ መንግሥትም ከአገው ነው። እዚህ አካባቢ ግን ቤት የሚሠራው ከቀርከሃ፣ ከእንጨትና ከሣር ነበር፤ ይህ ሲያረጅ አፈር ይሆናል። አፈሩ ራሱም ብዙ ነገር አያስቀርም። አዊ ብዙ ዝናብ ያገኛል፤ ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ስለሚወስደው መሬቱ አሲዳማ ነው፤ አሲዳማ አፈር ደግሞ አጥንትን ያሟሟል። ገበሬዎች ማሳቸው ላይ ኖራ የሚበትኑትም ስለዚሁ አሲድ ነው። ያ ኖራ ያልተቃጠለ፣ የተፈጨ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ሥራው የሄደውን ካልሲየም መመለስና አሲዱን ማርከስ ነው። ፍርስራሽ የሚቀረው ትልቅ ሕዝብ በኖረበት ቦታ ሁሉ ነው ብሎ መገመት፣ እንደኔ፣ የዝናቡንና የአፈሩን ድርሻ መርሳት ነው።

የማያያዣው ድርሻ ደግሞ አክሱም ላይ ይታያል። የሮማ ግዛት ዘመነኛና የንግድ ሸሪክ የነበረች ከተማ ናት። እዚያ ዱንጉር በተባለው ፍርስራሽ ላይ በእግር ብትዞሩ በጥሩ ሁኔታ የተጠረበ የማዕዘን ድንጋይና ደረጃ ታገኛላችሁ፤ ግድግዳው ግን ዝቅ ያለ ነው። ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ፣ የታሰረው በእንጨት ነበርና። ጭቃው ታጠበ፤ እንጨቱ አለቀ። (የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ነው የሚሉትን ባላስከፋም፣ ሕንፃው ከእሷ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት የዘገየ ነው።) የጎንደር የፋሲል ግንብ ግን በኖራ ስለተገነባ እስከ ሰገነቱ ቆሟል። ለአዊ ነዋሪ ደግሞ እዚያው ጎጃም ውስጥ የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፤ እቴጌ እሌኒ ያሠራችው፣ ኋላም በ17ኛው መቶ ዘመን የኢየሱሳውያን (የጀስዊት) ሚሲዮናውያን እጅ የገባበት የተቀረጸ ድንጋይ ይገኝባታል።

ኖራም ቢሆን ለዝናብ ዋስትና አይደለም። ፖምፔይ ውስጥ ቁፋሮ ከተጀመረ ከ1748 ወዲህ ብዙ ጊዜ ግድግዳዎቹን የሚጥለው ሌላ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ሳይሆን ውኃ ነው። በኖቬምበር 2010 የግላዲያተሮች ቤት በሚል የሚታወቀው ሕንፃ ከዝናብ በኋላ ተደረመሰ። ከከተማዋ አንድ ሦስተኛው ያህል እስካሁን አልተቆፈረም፤ ያልተቆፈረው መሬት ከወጡት ቤቶች ከፍ ብሎ ስለሚቆም ውኃ ሲጠጣ አብጦ ግድግዳውን ይገፋዋል። ስለዚህ ከ2018 አካባቢ ጀምሮ በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል የተካሄደው ቁፋሮ ዋና ዓላማው ቅርስ ፍለጋ አልነበረም፤ ቁልቁለቱን ማለዘብና የውኃ መውረጃ ማበጀት ነበር። በዚያው ሥራ መካከል ግን አንድ የምግብ መሸጫ ሱቅ ወጣ። ባንኮኒው ላይ አውራ ዶሮና የተንጠለጠሉ ዳክዬዎች ተስለውበታል፤ በማሰሮዎቹ ውስጥም የዳክዬ፣ የፍየል፣ የአሳማና የዓሣ ቅሪት ተገኝቷል።